የገበያ ወሬ በገበያ ይነገር

ንግድ የሚቆመው በሦስት ነገር ነው፤ በሚሸጠው ዕቃ፥ በሚመዘንበት ሚዛንና በዋጋው ወሬ። ዕቃው ቢበላሽ ገዢው በዓይኑ አይቶ ይተወዋል። ሚዛኑ ቢጓደል ሹም ተጠርቶ ይመረምረዋል። የዋጋው ወሬ ሲሰወር ግን፥ የተሰወረበት ሰው መጐዳቱን እንኳ ሳያውቅ ገንዘቡን ተቀብሎ፥ ገዢውንም አመስግኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ከሦስቱ ጕድለቶች የከፋው ይህ የማይታየው ነው።

በአዊ ዞን የእንጅባራና የዳንግላ ከተሞች ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ የተቀመጡ የንግድ በሮች ናቸው። ከእንጅባራም ሌላ መንገድ ወደ ቻግኒና ወደ ቤኒሻንጉል ይወርዳል። የባንጃ ድንች፥ የፋግታ ለኮማ ከሰል፥ የየወረዳው እህል በዚህ መንገድ ወደ ሩቅ ገበያ ይሄዳል። ገበሬው ምርቱን በአህያ ጭኖ ሌሊት ተነሥቶ ገበያ ሲደርስ፥ የሚያውቀው ያለፈውን ሳምንት ዋጋ ነው። ነጋዴው ግን ስልክ በእጁ ነው፤ በስልኩም ውስጥ፥ ዛሬ በአገሩ ገበያ ሁሉ እንደ ተለመደው፥ በቴሌግራም የተሳሰረ የባልንጀሮች ቡድን አለ። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የዚያን ቀን ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፥ ስንት መኪና እንደ ገባ፥ የትኛው መንገድ እንደ ተዘጋ በየደቂቃው ይነጋገሩበታል። አንዱ ባለፈው ሳምንት ባወቀው፥ ሌላው አሁን በሰማው ይገበያያሉ።

የልዩነቱ መጠን ቀላል መስሎ የሚታየው ቢኖር በቍጥር ይመልከተው። ለምሳሌ ያህል በኪሎ የሦስት ብር ልዩነት ብቻ ቢሰወር፥ ዐሥር ኵንታል ድንች የሚሸጥ አንድ ገበሬ 3000 ብር ያጣል ማለት ነው። ይህም ለአንድ ድኻ ቤተ ሰብ የልጅ ደብተር፥ የሚመጣው ክረምት ዘር ወይም የሕክምና ገንዘብ ነው።

ሆኖም ፍርድ ሁለቱን ወገን መስማት ይገባዋልና፥ ነጋዴውን በጅምላ መክሰስ ቅን አይደለም። ነጋዴ ገንዘቡን አውጥቶ፥ መኪና ተከራይቶ፥ ወኪል በሩቅ አገር አስቀምጦ ያገኘው ወሬ የድካሙ ፍሬ ነው። እርሱም ባይደክም ድንቹ በማሳ ላይ ይበሰብስ ነበር። ወሬውን ለባልንጀራው ቢያካፍልም ከመረዳዳት ይቈጠርለታል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና። ነገር ግን ድሩ የተሠራው አንበሳውን ለማሰር እንጂ ድኻውን ገበሬ ለመጥለፍ መሆን የለበትም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው፥ ነጋዴው ስለ ሌላው ገበያ የሰማውን ወሬ ለራሱና ለወዳጆቹ መያዙ ነው። ይህ ሕግ የማይከለክለው ነው፤ መድኀኒቱም ቅጣት ሳይሆን ለገበሬው ያንኑ ወሬ ማድረስ ነው። ሁለተኛው፥ የቡድኑ ሰዎች ዛሬ ከዚህ ዋጋ በላይ ማንም አይግዛ ብለው መማከራቸው ነው። ይህ ወሬ መለዋወጥ መሆኑ ቀርቶ አድማ ሆኗል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ተወዳዳሪ ነጋዴዎች በዋጋ እንዳይመሳጠሩ በግልጽ ከልክሏል። ሦስተኛው፥ ራሱ አስቀድሞ ገዝቶ ሲያበቃ ሌሎችን ግዙ እያለ ወሬ መሸጥ ነው፤ ይህም ማታለል ነው። ሦስቱም ከአንድ ስልክ ውስጥ ስለሚወጡ መልካቸው ይመሳሰላል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያውን ጕድለት በብርሃን ለማራቅ በአገራችን የተሞከረ ትልቅ ሥራ አለ። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 550 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም.ም ቡናን ጨመረ። የዚህም ተቋም ዋና ሐሳብ ዋጋው በአንድ አዳራሽ በይፋ ተነግሮ፥ ወዲያውኑ በየአውራጃው ከተማ በተተከለ የኤሌክትሪክ ሰሌዳና በስልክ መልእክት ለሁሉ እንዲደርስ ነበር። የቡናና የሰሊጥ ገበሬ ከዚህ ተጠቅሟል። የባንጃ ድንችና የፋግታ ከሰል ግን በዚያ ገበያ አይሸጡምና፥ የእነርሱ ዋጋ እስከ ዛሬ በግል ስልክ ውስጥ ይኖራል።

ይህም ነገር በሌላው ዓለም በሥራ ተመርምሯል። በህንድ አገር በኬረላ ጠረፍ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች፥ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1997 እስከ 2001 ዓመት የእጅ ስልክ ወደ አገራቸው ሲገባ፥ ገና በባሕር ላይ ሳሉ የየወደቡን ዋጋ እየጠየቁ ማረፍ ጀመሩ። ሮበርት ጄንሰን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ2007 ዓመት ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ አስቀድሞ በአንዱ ወደብ ገዢ ጠፍቶ የሚጣለው ዓሣ ቀረ፤ የአጥማጁ ትርፍ ከመቶ ስምንት ያህል ጨመረ፤ የሸማቹም ዋጋ ከመቶ አራት ያህል ቀነሰ። ወሬው ለሁሉ ስለ ደረሰ ሻጭም ገዢም ተጠቀሙ። ወሬ እንደ እህል ተካፍለውት የሚያልቅ አይደለምና።

በአንጻሩም ወሬ በጠፋበት ዘመን ወሬ የያዘ ሰው ኀይል ይበዛል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የኢንተርኔት መሥመር ለብዙ ጊዜ በተቋረጠ ጊዜ፥ መንገዱም እየተዘጋ በተከፈተ ጊዜ፥ ከሩቅ ገበያ የሚመጣ አንድ ቃል ብዙ ገንዘብ ያወጣ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገበሬውን ያለ ወሬ መተው ያለ ጋሻ መተው ነው።

አሁን ደግሞ ከእህል ገበያ ወጥቶ በወጣቶችና በደመወዝተኞች መካከል የገባ ሌላ ዓይነት ቡድን አለ። ይህ ቡድን ሲግናል የሚባለውን ምልክት፥ ማለትም አሁን ግዛ፥ አሁን ሽጥ የሚለውን ትእዛዝ፥ በየሰዓቱ በስልክ ለአባሎቹ የሚልክ ነው። የሚነገድበት ነገር የውጭ አገር ገንዘብ ወይም ቢትኮይን የመሰለው ነው። ለሁሉ የተከፈተ አንድ ክፍል ይኖረዋል፤ እውነተኛው ምልክት ግን በወር ክፍያ በሚገባበት በተዘጋው ክፍል ነው ይባላል። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ምልክቱ ዘወትር የሚያተርፍ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ስለ ምን አይነግድበትም? ስለ ምን በጥቂት ብር ለብዙ ሰው ይሸጠዋል?

መልሱ በአሠራሩ ይገኛል። የቡድኑ አለቃ ከአባሎቹ ወርኀዊ ክፍያ ይቀበላል፤ ብዙ ጊዜም ሰዎችን ወደ አገበያዩ ድርጅት ስላመጣ ኮሚሲዮን ይከፈለዋል። ስለዚህ አባሎቹ ቢያተርፉም ቢከስሩም እርሱ አይጐዳም። ከዚህም በቀር የሰመረለትን ምልክት እያሳየ ያልሰመረውን ከስልኩ ሊሰርዝ ይችላል። ገበያው ጠባብ የሆነ ነገር ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ራሱ ይገዛና ግዙ ይላል፤ አባሎቹ ሲሻሙ ዋጋው ይወጣል፤ እርሱም በዚያን ጊዜ ለእነርሱ ለራሳቸው ሸጦ ይወጣል። አለቃው ቅን ቢሆን እንኳ ምልክቱ ለአባሉ ሲደርስ ዋጋው ተለውጦ ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በፈረንጅ አቈጣጠር በ2018 ዓመት እንዳስታወቀው፥ በዚህ ዓይነት በብድር በሚደረግ የዋጋ ልዩነት ንግድ ከገቡት የግል ሰዎች ሒሳብ ከመቶው ከ74 እስከ 89 የሚሆነው የሚከስር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሕዝቡ በቢትኮይንና በመሰለው ከመገበያየት እንዲጠበቅ አስጠንቅቋል።

መንግሥትም ሕጉን አዘጋጅቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቍጥር 1248 በዚህ ገበያ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝዛል፤ ለሕዝብ ባልተገለጠ የውስጥ ወሬ መነገድንም ይከለክላል። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ስለ ተከፈተ፥ ይህ ሕግ ከእንግዲህ ወረቀት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ ምልክት ሻጭ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ፈቃዱን ነው።

እንግዲህ በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች የተለየ ኀላፊነት አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሹማምንት ናቸው። በቀድሞው ዘመን አዋጅ ነጋሪት እየተጐሰመ በገበያ መካከል የሚነገረው፥ ድኻውም ባለጸጋውም በአንድ ጊዜ እንዲሰማ ነበር። ይህ ሥርዓት ዛሬ በአዲስ መልክ ሊመለስ ይችላል። በእንጅባራና በዳንግላ ገበያ መግቢያ ላይ የዕለቱ ዋጋ በአማርኛና በአውንጊ በጉልህ ቢጻፍ፥ ከጎኑም ዋጋው የየትኛው ከተማ፥ የየትኛው ቀን፥ የየትኛው ደረጃ ዕቃ መሆኑና የመጓጓዣው ኪራይ ስንት እንደ ሆነ ቢነገር፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ያረጀ ዋጋ መጻፍ ግን እንደ ሐሰተኛ ሚዛን ይቈጠራልና፥ ሰሌዳውን በየገበያው ቀን የሚያድስ ኀላፊ ይመደብ። ከሁሉም በላይ ሹሙ ራሱን ይጠብቅ፤ መንገድ ነገ እንደሚዘጋ፥ ማዳበሪያ እንደሚገባ፥ መሥሪያ ቤቱ እህል እንደሚገዛ በሥራው ምክንያት ያወቀ ሰው፥ ያንን ቃል ለዘመዱ ቡድን ሹክ ቢል የሰጠው ምክር ሳይሆን የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ሁለተኞቹ ካህናት ናቸው። መጽሐፈ ምሳሌ በ11ኛው ምዕራፍ በሐሰተኛ ሚዛን ነገር ጀምሮ፥ ዝቅ ብሎ እህልን አከማችቶ የሚሰውረውን ይወቅሳል፤ ሚዛን ማጓደልና መሰወር በአንድ ምዕራፍ መገናኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ንግድ እንዳይገባ መጠበቅ የካህናት ሥራ ነው። ነገር ግን ከደጀ ሰላሙ ውጭ፥ ሕዝቡ ሲበተን፥ የዕለቱን ትክክለኛ ዋጋ ማስነገር ድኻን መጠበቅ እንጂ መነገድ አይደለም። እንደዚሁም ሕዝቡ ካህኑን ስለሚያምን ምልክት ሻጮች የካህኑን ስም ለመዋስ ይመኛሉ። ካህኑ ያልመረመረውን ቡድን ቢያመሰግን፥ የመበለቲቱ ገንዘብ በእርሱ ቃል ይጠፋል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በአደባባይ ሲጋልብ ይታያል። የዚህ ማኅበር ክብሩ አባሎቹ በሜዳ ላይ፥ በሕዝብ ፊት መታየታቸው ነው። የአዊ ነጋዴም ማኅበሩን በዚህ መልክ ያቁም፤ የሚነጋገረው ቃል ገበሬው ቢሰማው የማያፍርበት ይሁን። በድካሙና በብልሃቱ የሚያተርፍ ነጋዴ ገበሬው ዋጋ ቢያውቅም ማትረፉ አይቀርም። ገበሬው ባለማወቁ ብቻ የሚያተርፍ ግን፥ ትርፉ ከንግድ ያልመጣ መሆኑን ይወቅ።