የፊት ዲስክ በቤት መቀየር ይቻላል፤ በግማሽ መሥራት ግን አይቻልም

የመኪናን የፊት ፍሬን ዲስክ በግቢያችን መቀየር የለብንም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ትክክለኛ መፍቻ ያለውና ቡሎን ፈትቶ ማጥበቅ የለመደ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። የምቃወመው በግማሽ መሥራትን ነው።

ብዙዎቻችን ዲስኩ ሲቦረቦር ቶርኖ ቤት ወስደን እናስተካክለዋለን። ነገር ግን ዲስክ ከዚያ በታች መሳሳት የሌለበት ውፍረት አለው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ተጽፏል። በትናንሽ መኪኖች ከአዲሱ ውፍረት ጋር ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፤ ሊጣመምና ሊሰነጠቅም ይችላል። መኪና ሲቆም ትልቁን ሸክም የሚይዘው ደግሞ የፊት ፍሬን ነው። ቤተሰብና ዕቃ ጭኖ ወደ መተማ ሲሄድ የዓባይን በረሃ የሚወርድ ሰው ያንን ቁጠባ ቁልቁለቱ ላይ ይከፍለዋል።

ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ቀይሩ፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሊስብ ይችላል። ሸራውንም አብራችሁ ለውጡ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ በጠንካራ መደገፊያ አሳርፉት። ካሊፐሩን በሽቦ እሰሩት እንጂ በፍሬን ቱቦው አታንጠልጥሉት። የአዲሱን ዲስክ ቅባት በፍሬን ማጽጃ ጥረጉ። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከሌላችሁ ለጋራዥ ክፈሉ። የገንዘብ ኪሳራ በሚቀጥለው ጉዞ ይመለሳል።