ልጆቻችንን ከውሃ የሚያድናቸው «እንዳትሄድ» ማለት ብቻ አይደለም



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዋና ነው። «ዶክተር፣ ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም እንጦጦ ሥር ተቀምጠን ስለ ዋና ምን አስወራህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የካ፣ ኮተቤ፣ ፈረንሳይ አካባቢ የምትኖሩ ግን ክረምት ሲገባ ከቤታችሁ በላይ ያለውን አስቡት። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የቀበናን ወንዝና ትንንሾቹን ጅረቶች ይሞላል። ድንጋይ ተፈልጦባቸው ሳይደፈኑ የቀሩት የካባ ጉድጓዶችም ኩሬ ይሆናሉ። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በታክሲ አመጡልን። የካባ ኩሬ ውስጥ ሰምጦ ነው። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ነበር የሄደው። ጓደኞቹ መስመጡን ሲያዩ ልብሳቸውን አንስተው ሮጡ፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ልጁን ያወጣው በዚያ ሲያልፍ ዳር ላይ የቀረ ልብስና ጫማ አይቶ የተጠራጠረ ሰው ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ምንም ማድረግ አልቻልንም። በኋላ ከልጆቹ አንዱን አባቱ ይዞት መጣ። ለምን ሰው እንዳልጠሩ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። «ኩሬ ሄዳችሁ ተብለን እንዳንገረፍ» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኔም «ልጆቻችሁን ወደ ውሃ እንዳይጠጉ አስጠንቅቁ» እያልኩ የምመክር ሐኪም ነበርኩ። አሁን ምክሩ ጎዶሎ እንደሆነ አምናለሁ። ያስፈራራነው ልጅ መሄዱን አይተውም፤ መሄዱን መናገር ነው የሚተወው።

«እና ይሂድ ልትለን ነው?» አይደለም። የካባ ኩሬ በፍጹም የመዋኛ ቦታ አይደለም። ዳሩ ገደል ነው፤ አንድ እርምጃ ከጉልበት በላይ፣ ሁለተኛው ከራስ በላይ ሊሆን ይችላል። ውሃው ደፍርሶ ታቹ አይታይም። ሥሩ ጭቃ ስለሆነ እግር ይይዛል። በተለይ በረዶ ከጣለ በኋላ ደግሞ በጣም ይቀዘቅዛል። ሰው ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሳይፈልግ አየር በኃይል ይስባል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ያ ትንፋሽ ራሱ ውሃ ሥር እያለ ከመጣ ውሃ ነው የሚስበው። ጎበዝ ዋናተኛም ከዚህ አያመልጥም። እንዲህ ያጋጠመው ሰው መፍጨርጨሩን ትቶ በጀርባው ተንጋሎ አንድ ደቂቃ ያህል መንሳፈፍ አለበት። ትንፋሹ ሲረጋጋ ነው መዋኘትም ሆነ መጮህ የሚችለው። ይህንን ግን ቀድሞ ያልተለማመደ ልጅ በዚያች ሰዓት ከየት ያመጣዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 300,000 ያህል ሰው በመስጠም ይሞታል። ከ10ሩ ከ9 በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ነው። ከ5 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ለትምህርት ዕድሜ የደረሱ ልጆችን ዋናና የውሃ ጥንቃቄ ማስተማር ነው። እኛ ዋናን የሆቴል ገንዳ መዝናኛ አድርገን ነው የምናየው። ለእኔ ግን መንገድ መሻገርን እንደማስተማር ነው።

እኔ ራሴ መዋኘት የተማርኩት ከ30 ዓመቴ በኋላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ላይ አብረን የምንሮጥ ሰዎች አለን። አንዱ ባሕር ዳር ያደገ ነው፤ ዋና ለእሱ እንደ መራመድ ነው። መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ፣ ውሃው ደረታችን ድረስ ብቻ በሚደርስበት፣ መንሳፈፍ አስተማረን። ወራት ከፈጀ በኋላ ነው ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ የወሰደን። (የመጀመሪያ ቀን ከዳር አልለቅም ብዬ የሳቁብኝን አልረሳም።)

የባቦጋያ ዳር ሲያዩት ሰላማዊ ነው። ነገር ግን ከእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የተፈጠረ ሐይቅ ስለሆነ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ወደ ታች ይዘልቃል፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ወደ መሐል አንዋኝም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው። ማንም ብቻውን አይገባም፣ ጥንድ ጥንድ ነን። ቢራ የቀመሰ ሰው ያን ቀን አይዋኝም። አንድ ሰው ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ዳር ይቀመጣል፤ ሲገቡ ይቆጥራል፣ ሲወጡ ይቆጥራል። አጠገቡ ገመድና ባዶ፣ ክዳኑ የተዘጋ ቢጫ ጀሪካን አለ። በእንግሊዝና በአየርላንድ ዳርቻዎች ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ በቡድን የሚዋኙ ሰዎች ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ቆብ ያደርጋሉ፣ ተንሳፋፊ ፊኛ ከወገባቸው ያስራሉ። እኛ ጋ ጀሪካኑ አለልን!

እነዚያ አምስት ልጆችም ቡድን ነበሩ። የጎደላቸው የሚቆጥር ትልቅ ሰው ነው። ከዚያም በላይ፣ ቢጮሁ የማይመቱ መሆናቸውን የሚያውቁበት ቤት አልነበራቸውም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ ይህንን በግልጽ ንገሩት፦ «ሄደህ የተገኘህበት ቦታ የትም ይሁን፣ ጓደኛህ ውሃ ውስጥ ከተቸገረ ጮኸህ ሰው ጥራ። በዚህ አንቀጣህም።» ቃላችሁንም ጠብቁ።

አንድ ነገር ጨምሩለት። ጓደኛውን ለማዳን ዘሎ እንዳይገባ። የሚሰምጥ ሰው የያዘውን ይዞ ነው የሚሰምጠው። ጀሪካን ይወርውር፣ ረጅም እንጨት ወይም ገመድ ያቀብል፤ ነጠላም ቢሆን ይሆናል። የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም አይጮህም፣ እጁንም አያወዛውዝም። ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

ከውሃ የወጣ ሰው የማይተነፍስ ከሆነ እግሩን ይዛችሁ አትዘቅዝቁት፣ ውሃ ይውጣ ብላችሁ ሆዱን አትጫኑት። ጊዜ ታባክናላችሁ፤ ትውከቱም ወደ ሳንባው ይገባል። በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ አፍ ለአፍ 5 ጊዜ ተንፍሱለት። ካልተንቀሳቀሰ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ፣ 2 ጊዜ ተንፍሱለት፤ እርዳታ እስኪደርስ እንዲሁ ቀጥሉ። አንድ ሰው ደግሞ ወዲያው ስልክ ይደውል፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ነቅቶ ቢያወራችሁም ካሳለ ወይም ትንፋሹ ከከበደው ሐኪም ይየው፤ ከሰዓታት በኋላ ሊብስበት ይችላል።

የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ታካሚዎቼ፣ ወንዝ ዳር ልብስ ለማጠብም ሆነ ገላ ለመታጠብ ብቻችሁን አትሂዱ። ጥልቀት የሌለው ውሃም ለእናንተ አደገኛ ነው። የልብ ሕመምና ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለባችሁ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትግቡ። ጣና ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ገብታችሁ የነበረ ደግሞ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የቢልሃርዝያ ምርመራ አድርጉ፤ መድኃኒት አለው። ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ሩቅ አትመልከቱ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንሞላው በርሜልና ባልዲ ክዳን ይኑረው።

የካባ ጉድጓዱን ነገር ግን ወላጅ ብቻውን አይወጣውም። ከቤታችሁ በላይ ያለው ካባ ታጥሯል? ሥራው ካለቀ ለምን አልተደፈነም? በወረዳችሁ ስብሰባ ላይ ይህንን ጠይቁ። የዓለም የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ነው የሚውለው፤ እኛ ጋ ግን በዚያ ቀን ጉድጓዱ ሞልቷል። ግንቦት ላይ፣ ገና ደረቅ ሳለ ጠይቁ።