በዓሉን የሚያይ የእጁንም ሥራ ያክብር

አገር መጐብኘት ለዓይን ደስታ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። የሄደበትን ሕዝብ ጥበብ ሳያውቅ የሚመለስ ሰው፥ ገበያ ውሎ ባዶ እጁን ከገባ ሰው አይሻልም።

በሂማላያ ተራሮች አጠገብ፥ በካትማንዱ ሸለቆ ውስጥ፥ ባክታፑር የምትባል ጥንታዊት የኔፓል ከተማ አለች። ሸክላ ሠሪዎቿ ማሰሮአቸውን በአደባባይ ለፀሐይ ያሰጣሉ፤ እንጨት ጠራቢዎቿም የቤቱን መስኮት ሳይቀር ጌጥ አድርገውታል። በአዲስ ዓመት በዓል ሕዝቡ ታላቁን ሠረገላ በገመድ ይጐትታል። ከውጭ አገር የሚመጣ ጐብኚ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ለቅርስ መጠበቂያ ይውላል። ከተማይቱ በ2007 ዓ.ም. በምድር መንቀጥቀጥ ክፉኛ በተጐዳች ጊዜ፥ ብዙውን የፈረሰ መቅደስ መልሰው የሠሩት ጥበቡ በእጃቸው ያለ የአገሩ ጠራቢዎችና ግንበኞች ናቸው።

ይህን የሩቅ አገር ነገር ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከዋሂልም ሆነ ከሌላው የድሬዳዋ ገጠር የሚነሣ ተማሪ፥ ድሬዳዋ ገብቶ የደንገጎን ዳገት በመኪና ቢወጣ በበዓልና በእጅ ጥበብ የታወቀችውን ሐረርን ያገኛታል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም የሚከበረው የሹዋሊድ በዓልም በ2016 ዓ.ም. ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል። ሴቶቹ በቀለም ከተነከረ ሣር የሚሰፉት ስፌት የሐረሪ ቤት ግድግዳ ክብር ነው። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ይሰማል፤ የመጽሐፍ ጠራዦችና የብር አንጥረኞች ሙያም የቈየ ነው።

ነገር ግን ለበዓሉ ከሚጐርፈው ወጣት ብዙው ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ጨፍሮ ይመለሳል። ስፌት ቢያነሣም፥ «እናቴ፥ በጣም ይቀንሱልኝ» እያለ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ምሳ ዋጋ ሊወስድ ይከራከራል። ይህን የምታይ ልጅ የእናቷን ሙያ ለመማር ምን ያነሣሣታል? በዓል በዓመት ሲመጣ ይታወሳል፤ የእጅ ጥበብ ግን አንድ ትውልድ ከዘለለው የሚያስተምረው አይገኝም።

«ደመወዜ ትንሽ ነው» የሚል ወጣት ሹም ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። እንግዲያውስ ትንሹን ሙዳይ በተገቢ ዋጋ ይግዛ እንጂ፥ ትልቁን መሶብ አያርክስ።

ስለዚህ ተማሪው የስፌቱን ጌጥ ስም፥ የፈጀውንም ቀን ጠይቆ ማስታወሻው ላይ ይጻፍ። በዓል የሚያዘጋጅ ሹምም መድረኩንና ድምፅ ማጉያውን ከማሰቡ በፊት ለባለ እጆቹ ጥላ ያለው የመሸጫ ቦታ ያስብላቸው። ባክታፑር በወደቀች ጊዜ ያነሣት የባለ ሙያ እጅ ነው፤ የሐረርም እጅ ሥራ እንዳይፈታ መጠበቅ የሁላችን ፈንታ ነው።