ከአጥር ማዶ ያለው አረም

«ማረም» የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት ሙያ አለው። ገበሬው ማሳውን ያርማል፤ ጸሐፊውም ጽሑፉን ያርማል። እኛ ንባብ የምንወድ ሰዎች ውሏችን ከሁለተኛው ጋር ስለሆነ፣ እርማት ሲባል ቀይ ቀለምና የተሰረዘ ስንኝ ይታየናል እንጂ ጭቃ ላይ ያጎነበሰ ወገብ አይታየንም። ግጥምና ወግ ሊያነብ የመጣ ሰው ስለ ሣርና ስለ አረም ሲወራለት ቅር ሊለው እንደሚችል አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ መጀመሪያው ማረም ነውና አንባብያን ይታገሡኝ ዘንድ እለምናለሁ።

የምለው ነገር አጭር ነው። በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰሏ ውጫሌ ቤት ሠርተን በደጃፋችን ጥቂት ክንድ ሣር ያለን ሰዎች አጥራችንን የምናርመው ከውስጥ በኩል ብቻ ነው። በቆርቆሮውና በመንገዱ መካከል ያለው ጠባብ መሬት ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለው መሬት ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም፤ ዛሬ የያዘው ፓርቴኒየም ነው። አንዳንዱ ሰው «ቅንጬ አረም» ይለዋል፤ ደቃቅ ነጭ አበባው የተከካ እህል ስለሚመስል ይመስለኛል። ይህን አረም ከአጥራችን ውጭ ማብቀላችን የገዛ ግቢያችን ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ከእኛ ደጅ ተነሥቶ የሚያርፈው በገበሬው ማሳ ላይ ነው።

ከግቢው ልጀምር። የእኛ አገር ግቢ ሣር ሰርዶ ነው። አዲስ ቤት የሠሩ አንዳንድ ሰዎች ኪኩዩ የሚባለውን ወፍራም ሣር አስመጥተው ይተክላሉ። ዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን በበጋ ውኃ ካላገኘ ይገረጣል፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ውኃ በበጋ ለሣር የሚተርፍ ነገር አይደለም። ሰርዶ ግን ቢደርቅም አይሞትም። በልግ ጥቂት ጠብ ሲያደርግለት ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ በክረምት መሬቱን ለብሶ ሌላውን ቡቃያ መግቢያ ያሳጣዋል። አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ሲባል የምንሰማው የራስ ወዳድነት ምሳሌ ሆኖ ነው። ሰርዶ ግን የሚበቅለው አህያዋም ሞታ፣ የተረተባት ሰውም ሞቶ ነው።

ለዚህ ሣር ብዙ ጥበብ አያስፈልገውም። ሲታጨድ ከቁመቱ ሲሶው ያህል ብቻ ይነሣለት፤ እስከ መሬቱ የተላጨ ሣር ሥሩ ይደክማል፣ በተገለጠው አፈር ላይም የአረም ዘር ብርሃን ያገኛል። ማጭድ ይዞ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስግጎ ይላጨዋል፤ ድካሙ አንድ ነውና ደግሞ ላለመመለስ። እንዲህ ሲሆን ከፍ አድርጎ እንዲያጭድ መንገር ነው። ሣሩ የሳሳበት ቦታ ካለ ሰኔ ሲያጋምስ ከጠነከረው በኩል ሥር ያለውን ሐረግ ቆርጦ መትከል ይበቃል፤ ክረምቱ ሌላውን ይጨርሰዋል።

ይህ ሁሉ ውበታችን የሆነው ሰርዶ በገበሬው ዘንድ ክፉ አረም መሆኑን ግን መዘንጋት የለብንም። ማረሻው ሐረጉን በቆራረጠው ቁጥር እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በአዲስ ዓመት የምንዘምርላት አደይ አበባም ጤፍ ውስጥ ከተገኘች ትነቀላለች። ከዚህ ተነሥተው «አረም ማለት ቦታውን የሳተ ተክል ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለገጣሚ ደስ የሚል አባባል ነው፣ እኔም ወድጄው ነበር። ለሰርዶና ለአደይ ይሠራል። ለፓርቴኒየም ግን አይሠራም። በዚህ አገር ቦታዬ የሚለው ስፍራ የለውም።

የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት አገሮች ነው። በኢትዮጵያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ቆቦ ነው፤ ከእኛ በስተ ሰሜን፣ በዚሁ ከደሴ ተነሥቶ ወልድያን አልፎ በሚሄደው መንገድ ላይ። ለረሀብተኛ ከመጣ የእርዳታ ስንዴ ጋር ተቀላቅሎ እንደገባ ብዙዎች ያምናሉ። በህንድም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ፑኔ አካባቢ መታየቱ ከውጭ ከተገዛ ስንዴ ጋር ይያያዛል። ወደ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በጦር ተሽከርካሪ ጎማ ላይ ተጣብቆ ገባ የሚሉ አሉ። ረሀብና ጦርነት፤ ሁለቱም በወሎ መንገድ ያለፉ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በእኛ ደጅ ምን ያህል ጎማ እንዳለፈ የነበርን እናውቀዋለን። በሐረርጌ የወጣለት ስም «ፈረምሲስ» ነው፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደማለት። ከዚህ የበለጠ ግጥም ስለዚህ አረም የሚጻፍ አይመስለኝም።

አበቃቀሉ አታላይ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉን መሬት ላይ እንደ ጎመን ዘርግቶ ይተኛል፤ በዚህ ጊዜ ያየው ሰው አሪቲ የበቀለለት መስሎት ሊተወው ይችላል፣ የቅጠሉ ቅርጽ ተመሳሳይ ነውና። ቀጥሎ ግንድ ያወጣል፤ ከበቀለ በአንድ ወር ወይም በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ያብባል። አንድ ተክል 15,000 እና ከዚያ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ኋላ የወለድ ሒሳብ ስሠራ የምውል ሰው ስለሆንኩ ይህን ቁጥር ሳሰላው አልቀረሁም። ከመቶ አንዱ ብቻ ቢበቅል በሚቀጥለው ዝናብ 150 ተክል ይሆናል፤ እነዚያ በተራቸው ከ2 ሚሊዮን በላይ ዘር ያፈራሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ በልግና ክረምት የሚባሉ ሁለት ዝናቦች አሉ፣ ስለዚህ ይህ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሆን ነገር ነው። የትኛውም ባንክ በዚህ ወለድ አያበድርም።

ጉዳቱንም ላንሣ። ከሥሩና ከቅጠሉ በሚወጣው ነገር የጎረቤቱን ተክል እድገት ያግዳል። ከብት ከሌላ ሣር ጋር ከበላው ወተቱ ይመራል። በእጁ አዘውትሮ የሚነካው ሰው ቆዳው ሊቆጣና ሊያሳክከው ይችላል፤ ብናኙ አስም ላለበት ሰው መልካም አይደለም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ ጉዳይ አለ። በከተማችን የታጨደውን ሣር ለላሙ የሚወስድ ሰው ይገኛል፤ እኛም ደግ የሠራን ይመስለናል። ከሣሩ ጋር ነጭ አበባው ተቀላቅሎ ከሄደ ግን የሰጠነው ምራራ ወተት ነው፤ ዘሩም ወደ ማሳው ሄደለት።

አምባሰል ሲባል ለብዙ አንባቢ ቀድሞ የሚመጣለት ቅኝቱ ነው። መሬቱን ያየ ሰው ግን ገደልና እርከን ያስታውሳል፤ በገደልና በገደል መካከል የተጣበቀች፣ ድንጋይ እየተካበ የተያዘች አፈር። እንዲህ ያለ ማሳ ያለው ገበሬ የሚያባክነው ስንዝር የለውም። ማሽላውን ይኮተኩታል፣ ይሸለሽላል፣ ደግሞ ያርማል። ጤፍ ከሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ በወንፈል ተሰልፎ በጣት ይነቅላል። በዚህ ላይ በማሽላ ሥር ተጣብቆ የሚመጠምጠው አቀንጭራ አለበት፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተሸለሙት ይህን ጥገኛና ድርቅን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። ታዲያ እንዲህ ወገቡ ለተሰበረ ሰው፣ ከከተማ በነፋስ፣ በጎርፍ፣ በጫማና በጎማ ሌላ ሥራ መጨመር ተገቢ ነው? እሱ የሚያርመው ሊበላ ነው። የእኛ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ።

«የመንገዱ ዳር የቀበሌው ነው፣ ቀበሌው ያርመው» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሕጉ ምን እንደሚል መከራከር ይቻላል። ዘሩ ግን ስብሰባ እስኪጠራ አይጠብቅም። በጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. የታየው እምቦጭ ስንት ሰው እንዳስነሣ እናስታውሳለን፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው ውኃ ውስጥ ገብተው ነቅለዋል። በጣም የሚያኮራ ሥራ ነው። ፓርቴኒየም ግን ሐይቅ አይሸፍንም፣ በፎቶግራፍም አያስደነግጥም፣ እንዲያውም ከሩቅ ያምራል። ስለዚህ ዘመቻ አልወጣለትም። ቅጠሉን የምትበላ ከሜክሲኮ የተገኘች ጥንዚዛ ህንድና አውስትራሊያ ተጠቅመውባታል፤ በእኛም አገር ከጥናት በኋላ ተለቅቃለች። ቢሆንም በሐይቅ ከተማ አንድ አጥር ሥር ላለ አረም ጥንዚዛ መጠበቅ ስንፍና ነው።

መድኃኒት እንርጭ የሚሉም አሉ። «ቱ ፎር ዲ» የሚሉት በሰፊው የታወቀው የአረም መድኃኒት ሣሩን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ስለሚገድል ለግቢ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ነፋስ የወሰደው ጠብታ የጎረቤትን ባቄላና ቃሪያ አይምርም። ሌላም ምክንያት አለኝ። የሐይቅ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከዙሪያው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ይዞት የገባው ነገር እዚያው ይቀራል። ዓሣ የምንበላበት፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን ያጸኑበት ውኃ ነው። ለሰፊ እርሻ ሌላ ክርክር ይኖር ይሆናል፤ በእጅ ነቅሎ ለሚጨረስ ደጃፍ ግን መርዝ መርጨትን አልቀበልም።

መቼ ይነቀል? ከማበቡ በፊት፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ። በበልግ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አንድ ዙር፤ በክረምት ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ላይ ሁለተኛ ዙር። መሬቱ ሲርስ ሥሩ ሙሉውን ይወጣል፤ ደረቅ መሬት ላይ ከተጎተተ ይበጠስና ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በማጭድ መቁረጥም እንዲሁ ነው። በበጋ የገላና የልብስ ውኃ በሚፈስበት ቦይ ዳር ዓመቱን ሙሉ ሲያብብ ስለሚኖር ያንን በየወሩ ማየት ነው። ጓንት ከሌለ ፌስታል በእጅ ላይ ማጥለቅ ይቻላል። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው። ያበበውን ነቅሎ ቦይ ውስጥ መጣል ግን ባይነቅሉት ከሚሻለው አይሻልም፤ በማዳበሪያ ከረጢት ጨምሮ፣ አፉን አስሮ፣ ሲደርቅ ማቃጠል ነው። የተነቀለበት ቦታ ባዶ ከቀረ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ከግቢው ውስጥ የሰርዶ ሐረግ ወስዶ ከአጥሩ ውጭ መትከል ነው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ስለ እኛ ስለ ግጥም ሞካሪዎችም አንድ ነገር ልበል። ግጥማችን ውስጥ «አበባ» አለ፣ «ሣር» አለ፤ ስም ግን የለም። ማገጡን፣ መጩን፣ ሙጃውን፣ ኮሸሽላውን፣ አስተናግሩን ለይተን ስለማንጠራ ነጭ አበባ ያየን እንደሆነ የንጽሕና ምሳሌ እናደርገዋለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ባለቤቱ ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው ይደጉ ያለው ሁለቱ በቡቃያነታቸው ስለሚመሳሰሉ፣ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ነበር። በእኛ አጥር ሥር ያለው ግን ለይተን ልናውቀው የምንችል ነው፤ ያልለየነው ስላልጠየቅን ነው። ሐይቅ ገበያ ቅጠል ይዘው ለሚቀመጡ እናቶች አንድ ቅርንጫፍ አሳይቶ መጠየቅ ይበቃል፤ ስሙን ከነጠባዩ ይነግሩናል።

ልጆች ይህን ሁሉ አያውቁም። በጳጉሜን አበባየሁሽ ሊሉ ሲወጡ አደዩን የሚለቅሙት በዚያው በመንገዱ ዳር ነው። ባለፈው እንቁጣጣሽ ደጃችን የቆመች አንዲት የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ እቅፏ ውስጥ ከቢጫው ጋር ነጩንም ይዛ ነበር፤ በእጇ ሙሉ። እናቴ ብሩን ከመስጠቷ በፊት በሳሙና አስታጠበቻት፤ ልጅቷም አበባው ተወሰደባትና አኮረፈች።