ሁለት ደብተሮች

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው የማያምሽ?» ይህን ከዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰምቼዋለሁ። የተባለችው የሂሳብ ክፍል ባልደረባችን ነበረች። አንዳንድ ቀን ከምሳ በኋላ ራሷን ያማታል፣ ያጥወለውላታል፣ ዓይኗን ያቃጥላታል። ማታ ቤቷ ስትገባ ይተዋታል። ሐኪም ቤት ሄዳ ደሟን ተመርምራ ምንም ሳይገኝባት ስትቀር፣ «ሰበበኛ» የሚል ስም ወጣላት። ዝም ካልነው አንዱ እኔ ነኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቤቷ ስትገባ ይተዋታል የሚለውን ማናችንም ልብ አላልነውም። ከሥራ ቦታ ሲወጡ የሚለቅ ሕመም ካለ ግን ከሰውየው በፊት ሕንጻው ነው መመርመር ያለበት። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የራሱ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ ምንጣፍ ከተነጠፈ በኋላ ብዙ ሠራተኞች ታመምን ብለው አቤት ብለዋል። የሌላውን አየር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ከዚህ ካላመለጠ እኛ በምን እናመልጣለን?

ባልደረባችን የሚሰማት ስታጣ ሕመሟን በደብተር መያዝ ጀመረች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንደተቀመጠች። አንድ ቀን ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ትታ ከጥበቃው ጋር ስታወራ፣ ሽማግሌው ገጹን አየት አድርገው «ልጄ፣ እነዚህ እኮ መብራት የጠፋባቸው ቀኖች ናቸው» አሏት። እሳቸውም ደብተር ነበራቸው። ጄኔሬተሩ የተነሳበትንና የጠፋበትን ሰዓት ለናፍጣ ሂሳብ ይመዘግባሉ። ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቀኖቹ አንድ በአንድ ገጠሙ።

ጄኔሬተሩ ያለው ምድር ቤት ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ አጭር ስለነበር ጭሱ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ደረጃው ይገባል፤ ሞቃት አየር ደግሞ ደረጃውንና አሳንሰሩን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። የሌሎቹ ፎቆች የደረጃ በር ሲዘጋ የእኛው ቁልፉ ተበላሽቶ በድንጋይ ተደግፎ ይውላል። ሽታው አልነበረም ወይ? ነበር፤ ለምደነው ነው እንጂ። የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሞተር ጭስ ውስጥም አለ፤ የናፍጣ ሲሆን ጥቀርሻው ይጨመርበታል። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ከየትንፋሻችን የምናገኘው ኦክስጅን መጀመሪያውኑ አነስተኛ ነው።

መለኪያ ይዞ መብራት ባለበት ጠዋት የሚመጣ ባለሙያ «አየሩ ንጹሕ ነው» ብሎ ይሄድ ነበር። አይዋሽም። ለዚህ ነው ከመሣሪያው በፊት የሰው ቃል መመዝገብ አለበት የምለው፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ያን ሰዓት ሕንጻው ውስጥ ምን ይሠራ ነበር። መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ይጠቅማል። ለምሳሌ የውጭው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን ክፍል 420 ገደማ ነው። አሥር ሰው በዝግ የስብሰባ ክፍል ሲሰበሰብ ብዙም ሳይቆይ ከ1000 ያልፋል። ይህ መጠን መርዝ አይደለም፤ አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ እየተነፈስን መሆኑን ግን ይናገራል።

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ መስኮት ሊከፈትባት የሚችል ከተማ ናት። እኛ ግን ከላይ እስከ ታች በመስታወት የታሸጉ ፎቆች እንገነባለን፤ አየር ያስገባል የሚባለውን ማሽን ሳንገጥም። የምትከፈት አንዲት መስኮት ከተገኘችም «ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» እንላለን። ብርድ የምንፈራውን ያህል ጭስ ብንፈራ ምን ነበረበት!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና የመጠበቅ ግዴታን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ሕመሙ ከሕንጻው መሆኑን የማስረዳት ሸክም በታማሚዋ ጫንቃ ላይ መውደቅ አልነበረበትም።

ቱቦውን እስከ ጣሪያ ለማስረዘም የፈጀው አንድ ቅዳሜና አንድ በያጅ ነው። በሕመሟ ምክንያት ከሥራ በመቅረቷ የተጻፈባት ማስጠንቀቂያ ግን ከግል ማኅደሯ አልወጣም።