የአድማጭ ዕዳ

የሰው ልብ በምክር ብዛትና በተግሣጽ ብርታት አልከፈት ብሎ ሳለ በአንዲት የፈረስ ጭራ ድምፅ ሲከፈት መታየቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። መሰንቆ ማለት ከእንጨት ተበጅታ ቆዳ የለበሰች፣ ከጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት። ይህች መሣሪያ ግን በሚያውቃት እጅ በገባች ጊዜ ሰው የሞላበትን ዳስ ዝም ታሰኛለች፣ ታስለቅሳለች፣ ታስፎክራለችም።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ አማኑኤልን ካለፈ በኋላ የሚያገኛት ደምበጫ ስሟ በሩቅ አገር የሚነሣው ይልቁንም በአረቄዋ ነው። በዚያ አገር የሰርግ ዳስ ገብቶ ያመሸ ሰው ግን ከአረቄው ይልቅ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር አለው። አዝማሪው መጥቶ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ መሰንቆውን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ በመጀመሪያ የባለቤቱን ደግነት፣ የሙሽሮቹን ውበት እንደ ልማዱ ያወድሳል፤ እንግዳውም እየበላና እየተጫወተ በግማሽ ጆሮ ይሰማዋል። ሌሊቱ ሲገፋ አዝማሪው ቅኝቱን ወደ ትዝታ የመለሰ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ዋንጫ የያዘ እጅ ባለበት ይቆማል። ሲከራከሩ የነበሩት ሰዎች ክርክራቸውን ሳይጨርሱ ይተዉታል። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ያስጠጋሉ። ከዚህ በኋላ ከዳሱ አንድ ማዕዘን «ተቀበል!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ይህች ቃል የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። «ተቀበል» ያለው ሰው ዘፋኝ አይደለም፤ ገበሬ ወይም ነጋዴ ወይም የደብር አገልጋይ ነው። ነገር ግን ልቡ ስለ ተነካ ሁለት ስንኝ ከልቡ አውጥቶ ለአዝማሪው ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። የስንኙ ሰም ስለ በሬ ወይም ስለ ጤፍ ማሳ የሚናገር ይመስላል፤ ወርቁ ግን ስለ ሞተ ወንድም ወይም ስለ ተካደ ፍቅር ሊሆን ይችላል። የቅኔ ቤት ደጅ ያልረገጠ ሰው እንኳ በጎጃም ምድር ይህነን ለመፍታት አያንስም፤ ወርቁ በተገለጠለት ጊዜም የዳሱ ሰው በአንድነት «እህ!» ይላል። ስለዚህ አዝማሪው በዚያች ሌሊት ያሰማው ዜማ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ከእንግዳው ልብ የወጣ ነው።

ቀልደኛ ሰው «ያለቀሰው አረቄው ነው» ሊል ይችላል። አረቄ ሰውን እንደሚያስጮህና እንደሚያጣላ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጠጪውንና ጾመኛውን፣ ሽማግሌውንና ጎረምሳውን በአንዲት ቃል ላይ በአንድ ጊዜ የሚያስተነፍስ አረቄ እስከ ዛሬ አልተጠመቀም።

ስለ ዜማና ስለ ሰሚው በኢትዮጵያ የሚነገረው ትልቁ ታሪክ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ያሬድ በንጉሡ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ከመመሰጡ የተነሣ በእጁ የያዘው ጦር በያሬድ እግር ላይ እንደ ተተከለ፣ ያሬድም ዜማውን እስኪፈጽም ድረስ ሕመሙ እንዳልተሰማው ይተረካል። ብዙ ሰው ይህነን ሲያነሣ የያሬድን መመሰጥ ብቻ ያደንቃል። ነገር ግን ጦሩን የተከለው ሰሚው ነው፤ የሰሚው መመሰጥ ከዘማሪው መመሰጥ ጋር ባይተካከል ኖሮ ታሪኩ ባልኖረም ነበር። ንጉሡም ደሙን ባየ ጊዜ የምትፈልገውን ሁሉ ጠይቀኝ ብሎ ማለለት። ያሬድ የጠየቀው ግን ወርቅ አልነበረም፤ ወደ ስሜን ሄዶ በምናኔ እንዲኖር መሰናበትን ነበር። ንጉሡም ስለ ማለ ብቻ እያዘነ አሰናበተው።

እንግዲህ በዘመናችን ያለው ሰሚ ልቡን ለነካው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ምንድን ነው? ሌሊት በዳሱ ውስጥ ሲታይ ዋጋው የበዛ ይመስላል። ብር በግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል፤ ወንድሜ፣ ጌታዬ ይባላል። በነጋ ጊዜ ግን ያው ሰው በመንገድ ሲያልፍ «አዝማሪ» የምትለው ቃል ስድብ ትሆንበታለች። ወሬ የሚያበዛ ሰው አዝማሪ ይባላል፤ ለጥቅሙ የሚያሞግስ ሰው አዝማሪ ይባላል። ሌሊት በዜማው ያለቀሰው አባት ልጁን ለአዝማሪ ልጅ ለመዳር ሲጠየቅ ፊቱን ያጠቁራል። ሙያው በብዙ ስፍራ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ስለ ሆነ ንቀቱም አብሮ ይወርዳል፤ መሰንቆ መምታት የሚችለውም ልጅ መሰንቆውን ደብቆ ሌላ ሥራ ሲፈልግ ይገኛል።

ቃሉን ራሱን የመረመረ ሰው በዚህ ነገር ሊያፍር ይገባዋል። አዝማሪ የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ መዝሙርና መዘምር የሚሉት የከበሩ ቃሎችም ከዚያው ግሥ የተገኙ ናቸው። በአዲስ አበባ በያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሰንቆን ከፒያኖ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያስተምራል። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ባረፈ ጊዜም መንግሥትና ሕዝብ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ቀብሮታል። በዋና ከተማው የዘፋኝ ክብር ይህን ያህል ከታወቀ ከሰርግ ዳሱ በር አጠገብ ለተቀመጠው ሰው አለመድረሱ ምክንያቱ ምን ይሆን?

«አዝማሪው ራሱ ስለሚለማመጥ ነው፤ ብር ያየበትን ሁሉ ያሞግሳል» የሚል መልስ አይጠፋም። መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። አዝማሪው ደመወዙ አስቀድሞ ሳይቆረጥ፣ የሌሊቱ ምግቡና የልጆቹ ልብስ በሰካራም ቸርነት ላይ ተንጠልጥሎ የሚመጣ ከሆነ ከማሞገስ በቀር ምን መንገድ አለው? ለወጥ ሠሪዋና ለድንኳን አከራዩ ዋጋ ተነጋግሮ የሚስማማ ባለ ሰርግ ለአዝማሪው ሲሆን «ከእንግዳው ያገኛል» ይላል። ደግሞም ውዳሴን የሚወደው ሰሚ ባይኖር ውዳሴን የሚሸጥ ዘፋኝ ባልተገኘ ነበር። ስንኝ የሚሰጥ ሰሚ ያለው አዝማሪ ባለቅኔ ይሆናል፤ ብር ብቻ የሚሰጥ ሰሚ ያለው ግን ስም እየጠራ ሲያመሰግን ያድራል።

የአዝማሪ ድምፅ በሰሚው ላይ ያለውን ሥልጣን ወገን ሲንቀው ጠላት ግን አልናቀውም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ በመጋቢት ወር ግራዚያኒ ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቃል በአዲስ አበባና በአካባቢው ያሉ እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ሁሉ ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያም ቀን ድረስ 70 ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል። መድፍና አውሮፕላን የያዘ ጦር መሰንቆ የያዘን ሰው የፈራበት ምክንያት ግልጥ ነው። ሽለላና ቀረርቶ የሰማ አርበኛ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሲፎክር፣ ፎክሮም ሲዘምት ስለ ታየ ነው። በጎጃምም የአምስቱ ዓመት ተጋድሎ ሳይቋረጥ ኖሮ በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር መጨረሻ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ የነበረው የጠላት ጦር በዚያችው በደምበጫ አጠገብ ከኢትዮጵያ ወታደሮች ጋር ብርቱ ውጊያ አድርጓል።

ያ የአርበኛ ሽለላ ከጦር ሜዳ ወጥቶ እስከ አውሮፓ አዳራሽ ደርሷል። በ1927 ዓ.ም. በይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን አዛውሮ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ በመድረክ ላይ ይቆም ነበር። በ1998 ዓ.ም. «ዘ ኤክስ» ከሚባለው የኔዘርላንድ የሙዚቃ ጓድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን ሥራ ካወጣ በኋላ እስከ እርጅናው ድረስ በልዩ ልዩ አገር እየዞረ ተጫውቷል፤ ያረፈውም በ2008 ዓ.ም. ነው። አማርኛ የማያውቁ፣ ስለ አርበኛ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ከመቀመጫቸው እየተነሡ አጨበጨቡለት። ይህ ክብር ትልቅ ነው፤ የደምበጫ ገበሬ የሚችለውን ግን አልቻሉም። «ተቀበል» ሊሉት አይችሉም ነበር።

ስለ ፉከራ ከተነሣ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። በዜማ ልቡ የተነሣ ሰው በሰርግ መካከል ጥይት ወደ ሰማይ መተኮሱ ከጀግንነት የሚቆጠር አይደለም። ወደ ላይ የወጣ ጥይት ተመልሶ የሚወርድበትን አይመርጥምና።

አሁን ደግሞ በዳሱ ውስጥ አዲስ ልማድ ገብቷል። አዝማሪው ቅኝቱን ወደ ትዝታ በመለሰበት በዚያች ሰዓት፣ ቀድሞ ዝምታ በሚወርድበት ጊዜ፣ ወጣቶቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው በሞባይል ስልክ ፊልም ያነሣሉ። ዜማን በመሣሪያ ማስቀረት በራሱ ነውር አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር በሸክላ ባያስቀርጹ ኖሮ የእሳቸው ድምፅ ለዛሬ ሰው ባልደረሰም ነበር። ነገር ግን የስልኩ ነገር ከዚህ ይለያል። ስልኩ የሚያነሣው አዝማሪውን ብቻ ሳይሆን ስንኝ የሰጠውን ሰውና ዓይናቸውን የሚያብሱትን ሽማግሌ ጭምር ነው፤ በማግሥቱም አገር ሁሉ ያየዋል። ወርቁን ለዳሱ ሰው ብቻ አምኖ የተናገረ ሰው ጉዳቱ በማያውቀው ሰው ፊት መሣቂያ እንዳይሆን ይፈራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሰርግ ዝም ይላል። ሽማግሌውም እንባቸው ከመምጣቱ በፊት ተነሥተው ይወጣሉ። አዝማሪው ከመቶ ስልክ መካከል ቆሞ የሚሰጠው ስንኝ በማጣቱ አስቀድሞ ያጠናውን ብቻ ደግሞ ይሄዳል፤ ወጣቱም ያነሣውን ፊልም በቤቱ ከፍቶ ሲያይ አባቱ የሚነግረው ያ የድሮ ነገር ለምን እንዳልተገኘ ያደንቃል።

የሚመጣው ጥር ሲደርስ ዳስ የሚጥል የደምበጫ አባት የበሬውንና የጌሾውን ዋጋ በሚቆጥርበት ቀን የአዝማሪውንም ዋጋ አስቀድሞ ተነጋግሮ ቢቆርጥ ከወጪው ብዙ አይጨምርበትም። ትዝታው ሲጀመር ስልኮቹ ወደ ኪስ እንዲገቡ ሚዜዎቹን ቢያዝዝም የሚቀየመው እንግዳ ጥቂት ነው። የአዝማሪውንም በርጩማ ከበሩ አጠገብ አንሥቶ ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ የሚሰጡት ስንኝ በሚሰማበት ስፍራ ያድርግለት።