«ከጥጥ የተሠራ ነው፣ ጋሼ»

የዓይን ሐኪሟ ቁጥሬ መጨመሩን ነግራኝ አዲስ ትእዛዝ ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ይዤ መነጽር ቤት ገባሁና ፍሬሜን ከአፍንጫዬ አውርጄ «ልጄ፣ ሌንሱን ብቻ ቀይሩልኝ» አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት ፍሬም ነው። ልጁ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። የሞተ አይጥ እንደሚያዝ ማለት ነው።

«ይሄማ አርጅቷል ጋሼ። ሌንሱን ስናስገባ ቢሰበር ኃላፊነት አንወስድም።»

ወዲያው አንድ ወፍራም፣ ቡናማ ዝንጉርጉር ፍሬም ፊቴ ደቀነ። «ይሄን ይውሰዱ። ተፈጥሮን አይጎዳም፤ ከጥጥ የተሠራ ነው።»

ጋቢ ነው እንዴ?

ልጁን አልወቅሰውም፤ የነገሩትን ነው የነገረኝ። አልዋሸምም፤ ግን ጨርሶ አልተናገረም። አሲቴት የሚባለው የፍሬም ፕላስቲክ መነሻው እውነትም የጥጥ ወይም የእንጨት ሴሉሎስ ነው። ያ ጥጥ ግን በኬሚካል ተለውጦ፣ ማለስለሻ ተጨምሮበት፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይሆናል። ፍሬሙ የሚቀረጸው ከሰሌዳው ላይ ነው፤ የዓይኖቹ ቀዳዳም ዙሪያውም ቁርጥራጭ ሆኖ ይወድቃል። ፍሬም ሆኖ የሚተርፈው ከሚወድቀው ያነሰ ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ዘርግቶ በብርጭቆ አፍ ሁለት ክብ ቆርጦ እንደመብላት ያለ ነገር ነው።

ሌንሱም እንዲሁ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ክብ ነው፣ ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። በፍሬሙ ልክ ሲሞረድ የተረፈው የፕላስቲክ ዱቄት ሆኖ ከውሃ ጋር ይታጠባል። ሲ አር 39 የሚባለው የተለመደው ሌንስ ደግሞ አንዴ ከጠነከረ በኋላ በእሳት ቀልጦ ሌላ ዕቃ አይሆንም። አዲስ ፍሬም ላይ የድርጅቱ ስም የታተመባትን ቀጭን ፕላስቲክ አይታችኋል? ቅርጹ እንዲጠበቅ ተብላ የገባች ናት፤ ማንም አላየባትም፣ ማንም አያይባትም። ሌንስ ሲገባ ቅርጫት ውስጥ ትጣላለች።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ስሙ ያልሠራውን ሥራ ቅጽሉ እንዲሠራላችሁ አትጠብቁ» እል ነበር። «አረንጓዴ ፍሬም» ማለት እንዲያ ያለ ድርሰት ነው። በእጅህ ያለውን ደህና ፍሬም አስጥሎ ሌላ የሚያስገዛህ ሰው ስለ ተፈጥሮ ምን ያወራልሃል?

ይሄን ለአንድ ወዳጄ ባወራው ተቆጣኝ። «ሰሌዳ የማይታየው ተማሪ ባለበት አገር አንተ ስለ ፍሬም ቁርጥራጭ ታለቅሳለህ?» አለኝ። ነገሩ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ ቢያንስ አንድ ቢሊዮን ሰው መከላከል ይቻል በነበረ ወይም ገና መፍትሔ ባላገኘ የዕይታ ችግር ይኖራል፤ ብዙው የሚፈልገው መነጽር ብቻ ነው። እኔም ለዚያ ልጅ አዲስ መነጽር አይሠራለት አላልኩም። አሮጌ መነጽር ሰብስቦ ማደልም መፍትሔ አይሆንም፤ የእኔ ቁጥር ለእሱ ዓይን ምን ይሠራል? ግን የዚያ ልጅ አባት ሌንስ ለማስቀየር ሲመጣ «ፍሬምም ግዛ» የሚሉትም እነዚሁ ናቸው። ከሌንሱ ዋጋ ላይ የፍሬሙ ሲደመርበት ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ ይሄዳል።

በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል። የመነጽር ፍርፋሪ አልናደውም፤ እንዲያ ብዬ አላጋንንም። ግን «ጣለው» ስንባል የሚጣልበት ቦታ ሰው የሚኖርበት መሆኑን ያን ቀን ያላወቀ መቼም አያውቅም።

የእኔ ፍሬም በሽታው አንዲት የላላች ብሎን ነበረች። ግንብ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ ሰዓት ጠጋኝ በቀጭን ካቻቢቴ አጥብቆ፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀብቶ ሰጠኝ። ለማኪያቶ ያሰብኳትን ከፈልኩት። ሌንሱን የሠራልኝ ሌላ መነጽር ቤት ነው፤ እዚያም ባለሙያው አገላብጦ አየና «ቢሰበር በራስዎ ኃላፊነት ነው» አለኝ። «ስጠኝ፣ ልፈርም» አልኩት። ይሄን የጻፍኩት በእሱ ነው።